ባዶዋ አንድ ሰዓት፦ ኮቪድ የእንግሊዝን ጥርስ ሐኪሞች ሥራ እንዴት እንደቀየረው

ማርች 25 ቀን 2020 ረቡዕ ነበር። እንግሊዝ በሯን ከዘጋች ገና ሁለት ቀኗ ነው። የአገሪቱ ዋና የጥርስ ሐኪም ሣራ ኸርሊ በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኤንኤችኤስ ሥር ለሚሠሩ የጥርስ ክሊኒኮች በሙሉ ደብዳቤ ላኩ። አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና በሙሉ ይቁም የሚል ነበር። ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክል ሽቦ) ማሰርና ማስተካከልም ጭምር። እስከ መቼ? ሌላ ማሳሰቢያ እስኪመጣ።

በዚያ ቀን ሙሉ ቀጠሮ ይዘው የዋሉ ሐኪሞች በማግስቱ ባዶ ወንበር ነው የጠበቃቸው። አንድ ሙሉ ሙያ በደብዳቤ ቆመ። ሐኪሞቹ ሲመለሱም ያገኙት የድሮውን ሥራ አይደለም። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ወረርሽኙ ስናወራ ስለ ኦክስጅንና ስለ ፅኑ ሕሙማን ክፍል እናወራለን። የጥርስ ሐኪም ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ቫይረሱ በሚኖርበት ቦታ፣ በሰው አፍ ውስጥ ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ለምን ጥርስ ሐኪም ተለይቶ ተፈራ?

የጥርስ መቦርቦሪያዋን ድምፅ የማያውቅ የለም። ያቺ ትንሽ መሣሪያ በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ትሽከረከራለች። በዚያ ፍጥነት ጥርሱ እንዳይቃጠል ውሃ አብሮ ይረጫል። ውሃው ከምራቅና ከደም ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጉም ይበተናል። የሐኪሙ ፊት ደግሞ ከበሽተኛው አፍ ብዙም አይርቅም። በዚያ ላይ በሽተኛው ማስክ ማድረግ አይችልም። ሁለት ሜትር ተራራቁ የሚለው ምክር እዚህ ክፍል ውስጥ ትርጉም የለውም።

እንግዲህ በማርች 2020 ያ ጉም ምን ያህል ቫይረስ እንደሚይዝ፣ አየር ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። በዚያ ሁኔታ መቦርቦሪያውን አስቀምጡ ማለት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በሩ የተዘጋው ሌላ በር ሳይከፈት ነው።

ደብዳቤው አስቸኳይ የጥርስ ሕክምና ማዕከላት ይቋቋማሉ ይላል። ቦታው፣ ሠራተኛው፣ መከላከያ ልብሱ ግን በዚያ ቀን ዝግጁ አልነበረም። ማዕከላቱ አንድ በአንድ የተከፈቱት በቀጣዮቹ ሳምንታት ነው። በሜይ መጨረሻ ቁጥራቸው ከ500 አልፏል። እስከዚያ ድረስ ጥርሱን ያመመው ሰው የነበረው ነገር ስልክ ብቻ ነው።

ስልክ ላይ ያለ የጥርስ ሕመም

ሐኪሞቹ የታዘዙት ሦስት ነገር ነበር፦ ምክር፣ ማስታገሻ፣ አንቲባዮቲክ። ሦስቱም በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ በሙያው ውስጥ "ሦስቱ ኤ" ተባሉ።

አስቡት። ሃያ ዓመት በእጁ የሠራ ባለሙያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ያነሳል። የትኛው ጥርስ ነው? ቀዝቃዛ ሲነካው ነው የሚያምዎት ወይስ ሙቅ? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ፊትዎ አብጧል? አፍዎን ሲከፍቱ ሁለት ጣት ያስገባልዎታል? ምራቅ መዋጥ ይችላሉ? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ የምታስፈራው ናት። እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ መዋጥና መተንፈስ ከከለከለ ነገሩ የጥርስ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ያኔ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከዚያ ፎቶ ይላካል። በስልክ መብራት የተነሳ፣ ግማሹ የደበዘዘ የመንጋጋ ጥርስ። ሐኪሙ መስታወቷን ማስገባት አይችልም። ጥርሱን መታ አድርጎ ማየት አይችልም። ራጅ የለም። በሙያው የተማረው ነገር ሁሉ በጣቱ ላይ ነው፤ ጣቱ ደግሞ ታስሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግባባት አለብን። አንቲባዮቲክ የጥርስ ሕመም መድኃኒት አይደለም። አብዛኛው ኃይለኛ የጥርስ ሕመም የሚመጣው ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ሲቆጣ ነው። ነርቩ በጠንካራ ጥርስ ተከቦ ስለሚያብጥ መውጫ ያጣል፤ የሚያሰቃየው እሱ ነው። መፍትሔው ጥርሱን ከፍቶ ማስተንፈስ ወይም መንቀል ነው። ኪኒን እዚያ ውስጥ ብዙ አይሠራም። ይህን ጥርስ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ግን በእጁ የቀረው ኪኒን ብቻ ከሆነስ? ከኤፕሪል እስከ ጁላይ 2020 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ የኤንኤችኤስ ጥርስ ሐኪሞች ያዘዙት አንቲባዮቲክ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት በሩብ ያህል ጨመረ። ለዓመታት አንቲባዮቲክ አታብዙ ሲባሉ የኖሩና ልምዳቸውን ያስተካከሉ ሰዎች ናቸው። በጥቂት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለሱ። ጥፋቱን በእነሱ ላይ መጫን አይገባም።

አስቸኳይ ማዕከል የደረሰ ሰውም ቢሆን ሌላ ዕዳ ጠበቀው። ጥርስ ለመክፈት መቦርቦሪያ ያስፈልጋል፤ መቦርቦሪያ ደግሞ ጉም ያመጣል። በጉጠት መንቀል ግን ጉም አያመጣም ተብሎ ተመደበ። ስለዚህ በደህናው ጊዜ ነርቩ ተገድሎ፣ ተሞልቶ፣ ዓመታት ሊያገለግል ይችል የነበረ ጥርስ ተነቀለ። ሰውየው ከሕመሙ ተገላግሎ ወጣ። ጥርሱ ግን ላይመለስ ሄደ። የስር ሕክምና ስፔሻሊስት ሙሉ ዕድሜውን የሚሰጠው ለዚች ነገር ነው፤ ጥርስ እንዳይነቀል። በዚያች ጸደይ ሥራው ቆሞ ሲያይ ምን እንደተሰማው ለመገመት አይከብድም።

ስፔሻሊስቶቹ የት ገቡ?

እንግሊዝ ውስጥ በይፋ የተመዘገቡ 13 የጥርስ ሕክምና ስፔሻሊቲዎች አሉ። ወረርሽኙ ሁሉንም በአንድ ዓይነት አልነካቸውም።

የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ከማንም በላይ ተወጥረው ነበር። ብዙዎቹ ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተጠሩ። አንገት ላይ ቀዶ ጥገና የሚያውቁ በመሆናቸው፣ በመተንፈሻ ማሽን ብዙ ለቆዩ በሽተኞች በጉሮሮ በኩል የአየር መንገድ በመክፈት ረዱ። በጥርስ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶችም፣ መተንፈስ እንዲቀለው በሽተኛን በሆዱ በሚገለብጡ ቡድኖች ውስጥ ገቡ። በአንድ ጊዜ በርካታ ሰው የሚጠይቅ፣ ቱቦው እንዳይነቀል ጥንቃቄ የሚፈልግ ከባድ ሥራ ነው። ትናንት ሚሊሜትር ይለካ የነበረ እጅ ዛሬ የማያውቀውን ሰው ትከሻ ይዞ ይገለብጣል።

የአፍ ውስጥ በሽታ ስፔሻሊስቶች ብዙውን ሥራቸውን ወደ ስልክና ቪዲዮ አዞሩ። ለእነሱ የሚያሳስበው ያልመጣው ሰው ነው። በኤፕሪል 2020 በመላ እንግሊዝ ካንሰር ተጠርጥሮ በአስቸኳይ የሚላክ በሽተኛ ቁጥር ካለፈው ዓመት ኤፕሪል በ60 በመቶ ወረደ። ይህ የሁሉም ዓይነት ካንሰር ድምር ነው። የአፍ ካንሰር ግን አንድ የተለየ ነገር አለው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ጥርስ ሐኪም ነው፤ ያውም ሰውየው ለሌላ ነገር መጥቶ። በእኛ አገር አብዛኛው ሰው ጥርስ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሌሊቱን ሲያሰቃየው ነው። እዚያ ግን ምንም ሳያምም ለምርመራ መሄድ የተለመደ ነው። ምላስ ሥር ያለች ሕመም የሌላት ነጭ ምልክት የምትገኘው በዚያ ቀጠሮ ነው። ቀጠሮው ሲሰረዝ ምልክቷም ሳትታይ ቀረች።

ብሬስ የሚያስሩት ኦርቶዶንቲስቶች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። ብሬስ ያሰረ ልጅ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ይታያል። ሐኪሙ ቢቀርም ሽቦው ሥራውን አያቆምም። መጎተቱን ይቀጥላል። ተለጥፎ የነበረው ይላቀቃል፤ የሽቦው ጫፍ ጉንጭ ይወጋል። ስለዚህ ስፔሻሊስቶቹ እናቶችንና አባቶችን በስልክ ማሠልጠን ጀመሩ። የሚወጋውን ጫፍ በሰም ሸፍኑት። በእርሳስ ላጲስ ገፋ አድርጋችሁ ጥርሱ ላይ አስተኙት። እምቢ ካለ በፀዳ ጥፍር መቁረጫ ቁረጡት። አስቡት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልጁ አፉን ከፍቶ፣ እናት በአንድ እጇ የስልክ መብራት በሌላው ጥፍር መቁረጫ ይዛ። ኦርቶዶንቲስቷ በስክሪኑ ማዶ "ትንሽ ወደ ቀኝ" እያለች።

ይህ ልምድ ግን ከንቱ አልቀረም። በፎቶ ክትትል ማድረግ፣ የትኛው ልጅ በአካል መምጣት እንዳለበት በርቀት መለየት፣ ያኔ የተለመደ ነው። ኦርቶዶንቲስቶች ከሌሎቹ ቀድመው ወደ ሥራቸው የተመለሱትም ብዙው ሥራቸው መቦርቦሪያና ውሃ ስለማይጠይቅ ነው።

በጣም የተጎዱት ሕፃናት ናቸው እላለሁ። እንግሊዝ ውስጥ በትምህርት ቤት ጀማሪ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሆስፒታል ከሚገቡባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የጥርስ መበስበስ ነው። ብዙ ጥርስ የተበላሸበት ትንሽ ልጅ በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ ይነቀልለታል። ለዚህ ግን የቀዶ ጥገና ክፍልና የማደንዘዣ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሁለቱም ለኮቪድ ተወስደዋል። በበሰበሰ ጥርስ ምክንያት በሆስፒታል የተደረገ የልጆችና የወጣቶች ንቅለት በ2019/20 የበጀት ዓመት ከ35,000 በላይ ነበር። በ2020/21 የበጀት ዓመት ከ15,000 በታች ወረደ። ጥርሱ ስለዳነ አይደለም። ልጆቹ ወረፋ ላይ እያሉ ነው፤ እያመማቸው፣ በአንድ ወገን እያኘኩ፣ ሌሊት እየነቁ።

ጁን 8

ሜይ 28 ክሊኒኮች ከጁን 8 ጀምሮ መክፈት እንደሚችሉ ተነገረ። አሥራ አንድ ቀን ብቻ። ጓንትና ማስክ ለማግኘት ዓለም በሚሻማበት ወቅት መሆኑን አትርሱ።

መጀመሪያ ማስኩ። ተራው የቀዶ ጥገና ማስክ ለመቦርቦሪያ ሥራ አይበቃም ተባለ። ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው ጠንካራ ማስክ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ፊት ላይ በልኩ መገጠሙ መፈተሽ አለበት። ፍተሻው እንዲህ ነው። ማስኩን አድርገህ ትቀመጣለህ። ጭንቅላትህ ላይ ከፊት ለፊቱ የሚያሳይ ትልቅ ኮፍያ ይጠለቅልሃል። በቀዳዳው መራራ ነገር ይረጩበታል። ከዚያ ተንፍስ፣ በደንብ ሳብ፣ ግራ ቀኝ ዙር፣ ላይ ታች እይ፣ አንድ ጽሑፍ ጮክ ብለህ አንብብ፣ ጎንበስ በል። እያንዳንዱ አንድ አንድ ደቂቃ። በመሃል መራራው ምላስህ ላይ ከመጣ ወድቀሃል፤ ማስኩ ያፈሳል ማለት ነው። ጢም ያለው ሰው አያልፍም። ስለዚህ ጢማቸውን የላጩ ብዙ ናቸው። በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይላጩት ደግሞ በሞተር አየር የሚገፋ፣ ዋጋው የማይቀመስ ኮፍያ መፈለግ ነበረባቸው። ፊታቸው ትንሽ የሆነ ሴት ሐኪሞችና ረዳቶች ተደጋግመው ወደቁ፤ ማስኩ የተሠራው ለትልቅ ፊት ነበርና።

ከማስኩ በኋላ ጋውን፣ የፊት መከለያ፣ ጓንት። በበጋ። ከመከለያው ጀርባ ላብ ይወርዳል፣ ማጉያ መነጽሩ ይጨልማል። በጣም የተጎዳው ግን ንግግር ነው። የፈራ በሽተኛን የሚያረጋጋው የሐኪሙ ፊትና ድምፅ ነበር። አሁን ፊቱ አይታይም፤ ድምፁም ታፍኗል። ከረዳቱ ጋር በእጅ ምልክት የሚግባባ ቡድን ብዙ ነበር።

ከዚያ ባዶዋ ሰዓት መጣች። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ መቦርቦሪያ ከተሠራበት በኋላ ክፍሉ ለ60 ደቂቃ ባዶ ይሁን። ጉሙ ይውረድ፣ አየሩ ይቀየር። ሰዓቱ የሚቆጠረው መቦርቦሪያዋ ካቆመችበት ደቂቃ ነው። በሽተኛው ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ በሩ ላይ ሰዓት ይጻፋል። ክፍሉ 4፡20 ላይ ከተዘጋ እስከ 5፡20 ማንም አይገባም። ከዚያ ረዳቷ ትገባለች፣ ከወንበሩ እስከ መብራቱ እጀታ ትወለውላለች። ከዚያ ነው ቀጣዩ ሰው የሚጠራው።

ሒሳቡን እንሥራው። ጥርስ መሙላት ግማሽ ሰዓት፣ ባዶ ሰዓት አንድ፣ ፅዳት ሩብ ሰዓት። ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ። በስምንት ሰዓት ቀን ውስጥ በአንድ ክፍል አራት ሰው፣ ቢበዛ አምስት። ከወረርሽኙ በፊት በአንድ ቀን 25 እና 30 ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። ሁለት ክፍል ያለው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለሰ ሠራ። አንድ ክፍል ብቻ ያለው፣ ያውም መስኮት የሌለው፣ ቁጭ ብሎ ግድግዳ አየ።

ሙያው አልጠፋም፤ እጁም አልረሳም። የጠፋው ጊዜ ነው። ጥርስ ሕክምና በደቂቃ የሚለካ ሥራ መሆኑን ያን ያህል ያሳየ ነገር የለም።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ልናገር። ኤንኤችኤስ ለክሊኒኮች ወርሃዊ ክፍያቸውን መክፈል ቀጠለ፤ ኋላ ክሊኒኮቹ ተዘግተው ለቆዩበት ጊዜ፣ ላልወጣ ወጪ ተብሎ ከክፍያው 16.75 በመቶ ተቀነሰ። በግል ብቻ የሚሠሩት ይህ አልነበራቸውም። መንግሥት በራሳቸው ሥራ ለሚተዳደሩ ሰዎች ያዘጋጀው ድጎማ ደግሞ ከ50,000 ፓውንድ በላይ ዓመታዊ ትርፍ ያለውን አይጨምርም ነበር። ብዙ ጥርስ ሐኪም ከዚያ መስመር በላይ ነው።

ፍርሃቱ ልክ ነበር?

ይህ ጥያቄ በኋላ በደንብ ተጠንቷል። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት በጁን 2020 ከእንግሊዝ መካከለኛው ክፍል የ1,507 የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኞችን ደም መረመረ። 16.3 በመቶዎቹ ቀድሞ ተይዘው ነበር። በጊዜው በጠቅላላው ሕዝብ መካከል የነበረው ከ6 እስከ 7 በመቶ ነው። ይበልጥ የሚናገረው ቁጥር ግን ሌላ ነው። በእዚያው ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ የሚሠሩት፣ ከበሽተኛው አፍ ጋር የማይገናኙት፣ 6.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ወንበሩ አጠገብ ነው። ያ ሁሉ የሆነው ደግሞ በአብዛኛው ጠንካራው ማስክ ከመምጣቱ በፊት፣ በተራ ማስክ ሲሠሩ ነው። በኔ እምነት ማስኩ ተገቢ ነበር።

ባዶዋ ሰዓት ግን ያን ያህል አልጸናችም። በሴፕቴምበር 2020 የስኮትላንድ የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች ቡድን ማስረጃውን ገምግሞ፣ ጠንካራ መምጠጫና ጥሩ የአየር ዝውውር ካለ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል አለ። በ2021 ደግሞ ከአሜሪካው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በ28 ሰዎች ላይ ያ ጉም ከምን እንደተሠራ መረመረ። አብዛኛው ከመሣሪያው የሚመጣው ውሃ ነው፤ የምራቁ ድርሻ ትንሽ ነው። ይህ በማርች 2020 ታውቆ ቢሆን ኖሮ ስንት ጥርስ በዳነ! ግን አልታወቀም ነበር።

ብዙ ክሊኒኮች ግድግዳ እየበሱ የአየር ማስወጫ መግጠም ጀመሩ። በክፍሉ ውስጥ አየሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቀየር መቁጠር የጥርስ ሐኪም ሥራ ሆነ።

ነጥቡ

የኤንኤችኤስ ጥርስ ሐኪም የሚከፈለው በነጥብ ነው። ምርመራ 1 ነጥብ፣ ጥርስ መሙላት 3፣ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚገጠም ሽፋን) ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ 12። እስከ 2022 ድረስ አንድ ጥርስ ቢሞላም አምስት ቢሞላም ያው 3 ነበር። ይህ አሠራር በ2006 የመጣ ነው፤ ከመጀመሪያውም ብዙ ተወቅሷል። ክሊኒኮቹ ከተከፈቱ በኋላ ሐኪሞቹ በ2020 ሁለተኛ አጋማሽ ከመደበኛው 20 በመቶ እንዲሠሩ ተጠየቁ። ጃንዋሪ 2021፣ አገሪቱ እንደገና በተዘጋችበት ወር፣ 45 በመቶ ሆነ፤ ለኦርቶዶንቲስቶች 70። ኤፕሪል ላይ 60። ቀስ በቀስ እየወጣ በጁላይ 2022 ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

ችግሩ የሚገባው ባዶ ሰዓቷን ለሚያስታውስ ነው። ነጥብ መሙላት ያለበት ሐኪም መቦርቦሪያ የማይነካ ምርመራ ቢያበዛ ያዋጣዋል፤ ክፍሉ አይዘጋበትም። አራት ጥርሱ የተበላሸ፣ ለአንድ ዓመት ያልታየ ሰው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ያ ሰው ነው ወረርሽኙ የፈጠረው በሽተኛ። ነጥቡም ይቀጣ የነበረው እሱን የሚያክመውን ነው። ይህ ስህተት ነበር፤ ማስተካከልም ይቻል ነበር።

በ2020/21 በእንግሊዝ በኤንኤችኤስ የተሰጠ የጥርስ ሕክምና 12 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 38.4 ሚሊዮን። ከኤንኤችኤስ ጋር የሚሠሩ ሐኪሞችም በዚያ ዓመት በ951 ቀነሱ። ኦገስት 2022 ቢቢሲ ወደ 7,000 የሚጠጉ ክሊኒኮችን ደውሎ ጠየቀ። ከአሥሩ ዘጠኙ አዲስ አዋቂ በሽተኛ በኤንኤችኤስ አንቀበልም አሉ።

ፌብሩዋሪ 2024 ብሪስቶል ከተማ ሴንት ፖልስ ሠፈር ውስጥ አንድ የኤንኤችኤስ ጥርስ ክሊኒክ ተከፈተ። ሰዉ በማለዳ መጣ። ሰልፉ መንገዱን ይዞ ዞረ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ። ፖሊስ መጥቶ ሥርዓት ማስያዝ ነበረበት። የተሰለፉት ለሕክምና እንኳ አልነበረም። ስማቸውን ለማስመዝገብ ነው።